አስታማሚም ሚስትም

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ሲያመላልስ ኖሮ በ2010 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ከመተሐራ አለፍ ብሎ መኪናው ተገለበጠ፤ አሥረኛው የደረት አከርካሪው ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ከእምብርቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዘውም፣ ሲነኩትም አይሰማውም። ያኔ እኔ 32 ዓመቴ ነበር፣ እሱ 38፤ ልጃችን ደግሞ ገና 4 ዓመቷ። የምንኖረው አዳማ ነው፤ እኔም የማስተምረው እዚሁ ከተማ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ይህን የምጽፈው በአደጋ ወይም በሕመም ምክንያት ሰውነታቸው የተለወጠ ባልና ሚስት ስለ መኝታቸው ደፍረው ለመጠየቅ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸው ስለማውቅ ነው። እኛን ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል። ብዙ ሰው ከጓዳ የማያወጣውን ጉዳይ ለመጻፍ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረናል፤ ረቂቁንም አንብቦ እንዲወጣ የማይፈልገውን ነገር አስወጥቶ የቀረውን ፈቅዷል።

ከሆስፒታል ስንወጣ ብዙ ነገር ተምረን ነበር የወጣነው። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ካቴተር የሚባለውን ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ማስገባትና ማውጣት፣ በሰዓቱ እንዲጸዳዳ ሆድ ዕቃውን ማስለመድ፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማሸጋገር፤ ይህን ሁሉ ነርሶቹ በትዕግሥት አስተምረውኛል፣ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። በዚያ ሁሉ ትምህርት ውስጥ ግን ባልና ሚስት መሆናችንን የሚያስታውስ አንድም ቃል አልነበረም። ባለቤቴ አንድ ሌሊት ተረኛውን ባለሙያ በሹክሹክታ ጠይቆት "አሁን ይህ የሚታሰብበት ጊዜ ነው? በሕይወት መትረፍህን አመስግን" ተብሎ እንደነበር የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው። መልሱ ክፋት ያለበት አልነበረም፤ ነገር ግን ባለቤቴ ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ዳግመኛ አላነሳም።

ቤት ከገባን በኋላ ዘመድ አዝማድ ሊጠይቀን ይመጣ ነበር፤ ሁሉም ሲወጡ በር ላይ ያቆሙኛል። ከፊሎቹ "አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም" ይሉኛል፤ ከፊሎቹ ደግሞ "ጽድቅ ነው የምትሠሪው፣ እግዚአብሔር ይከፍልሻል" ይሉኛል። አንዱ ሂጂ፣ ሌላው ቆዪ የሚል ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ሁለቱ ተቃራኒ ምክሮች ይመስሉኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳስበው ግን ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ባለቤቴ ከእንግዲህ ባል አይደለም። እኔም ይህን ሳልናገረው አምኜበት ኖሯል። ጠዋት ተነሥቼ አጥበዋለሁ፣ ካቴተሩን እቀይራለሁ፣ ቁስል ወጥቶ እንደሆነ ገላውን አገላብጬ አያለሁ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ማታ ተመልሼ ያንኑ እደግማለሁ። ስንተኛ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። እሱም ስለማይነካኝ ፍላጎቱ የጠፋ ይመስለኝ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አንድ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ቦታ ሄደን ነበር። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሁለት ጥበቃዎች ባለቤቴን ከነወንበሩ ተሸክመው በደረጃው አወጡት፤ ቁመተ ረጅምና ኩሩ የነበረ ሰው እንደ ጭነት ሲነሣና ሲወርድ አየሁት። ከገባን በኋላ አማካሪው ወንበሩን ወደኔ አዙሮ "እንዴት እየቻልሽው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ለአርባ ደቂቃ ያህልም ከኔ ጋር ብቻ ተነጋገረ። ስለ መኝታችን እኔው እንደምንም ባነሣ "ፍቅር ከሥጋ በላይ ነው፤ እንደ እኅትና ወንድም ሆናችሁ ልጃችሁን አሳድጉ" አለን። በባጃጅ ስንመለስ፣ ወንበሩ ከኋላ በገመድ ታስሮ ሲንኳኳ፣ ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና "ስለ እኔ ሲወራ እኮ እዚያው ተቀምጬ ነበር" አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ የትም አልሄድንም።

ዳግመኛ የሄድነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሌላ አማካሪ ስለጠቆመን ነው። እኚህ ሴት ለብዙ ዓመት ነርስ ሆነው ሠርተው በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ የያዙ ናቸው። ስልክ ስደውልላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "የወንበሩ ስፋት ስንት ነው?" የሚል ነበር። የሳቸው ቢሮ ፎቅ ላይ ስለሆነ እኛ በምንመጣበት ቀን ምድር ቤት ያለ ክፍል ለምነው ነበር የሚጠብቁን። ስንደርስ ከጠረጴዛው ፊት አንዱን ወንበር አስቀድመው አንሥተውት ስለነበር ባለቤቴ ገብቶ በቦታው ቆመ፤ ማንም ከፊቱ ዕቃ እየጎተተ መንገድ አልጠረገለትም። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው "አንተ ከዚህ ምን ይዘህ መሄድ ትፈልጋለህ?" አሉት። ባለቤቴ አለቀሰ። ከአደጋው በኋላ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የአሠራራቸውን መሠረት ስጠይቃቸው ጃክ አነን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስላዘጋጀው ባለ አራት ደረጃ አካሄድ ነገሩኝ። የመጀመሪያው ደረጃ ፈቃድ መስጠት ነው፤ ሰውየው ስለ ወሲብ ሕይወቱ ማሰብም መጠየቅም እንደሚችል፣ ነውርም ቅንጦትም እንዳልሆነ ባለሙያው አስቀድሞ በቃል ያረጋግጥለታል። ቀጥሎ የተመጠነ መረጃ፣ ከዚያ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን ተግባራዊ ምክር፣ በመጨረሻም ለሚያስፈልጋቸው ጥልቅ ሕክምና ይከተላል። ብዙ ሰው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሳይደርስ ችግሩ ይቃለልለታል አሉኝ። እኛን ለሦስት ዓመት ያቆመን የመጀመሪያው ደረጃ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ያንን ፈቃድ አንዲት ነርስ በሁለት ዓረፍተ ነገር ልትሰጠን ትችል ነበር።

ሌላው ያስደነቀኝ ስለ እኛ ምንም ነገር አስቀድመው አለመገመታቸው ነው። በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚቀለን ጠየቁን። የባለቤቴ አፍ መፍቻ አፋን ኦሮሞ ነው፣ የኔ አማርኛ፤ እሳቸው ሁለቱንም ይናገራሉ። እኔ በእናቱ ቋንቋ ቢናገር ይቀለዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን የሰውነት ክፍሎችን ስም በእናቱ ቋንቋ ሲጠራ እናቱ ፊት የቆመ ያህል ስለሚያፍር፣ ስለ ገላው በአማርኛ ስለ ኀዘኑ በኦሮምኛ መናገር መረጠ። እንዲሁም የእምነታችንን ነገር ጠየቁ። የምንጾም መሆናችንን ስንነግራቸው የቀን መቁጠሪያ አውጥተው ረቡዕና ዓርብን፣ ቀርቦ የነበረውንም ዐቢይ ጾም እያዩ የሚሰጡንን ልምምድ ለቀሪዎቹ ቀናት አደላደሉት። ሌሎች ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ደንበኞች እንዳሏቸው፣ ከሁሉም ጋር ይህንኑ እንደሚያደርጉ ነገሩን። እምነታችንን ከሕክምናው ጋር የሚጋጭ ነገር አድርገው ስላላዩት እኔም የንስሐ አባቴን ለማማከር አልፈራሁም።

በሁለተኛው ቀን እኔን ለብቻዬ አነጋገሩኝና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ከማጠብና ከማልበስ ውጪ ባለቤትሽን ለመጨረሻ ጊዜ የነካሽው መቼ ነው?" ለማስታወስ ሞከርኩ። ትናንት ነክቼዋለሁ፣ ዛሬ ጠዋትም ነክቼዋለሁ፤ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ገላው በእጄ ውስጥ ነው። ከማጠብና ከማልበስ ውጪ ሲሉኝ ግን አንድም ቀን ሊመጣልኝ አልቻለም። እስከዚያ ድረስ ፍላጎቴ የጠፋው የሱ ሰውነት ስለተለወጠ ይመስለኝ ነበር፣ በዚህም ራሴን እንደ ክፉ ሴት አድርጌ እቆጥር ነበር። እሳቸው ግን ነገሩን በሌላ መንገድ አሳዩኝ። ቀን ቁስል የሚያጥብ እጅ፣ የሽንት ከረጢት የሚደፋ እጅ፣ ማታ በአንድ ጊዜ የሚስት እጅ ሁን ቢሉት እንደማይችል፤ የደከመችና ሁልጊዜ አደጋ የምትጠብቅ ሴት ልቧ ለፍትወት ቦታ እንደማይኖረው፤ ይህም የፍቅር ማነስ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ባለቤቴም በበኩሉ ሲጠየቅ ያልነካኝ ፍላጎት አጥቶ ሳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ ስታገለግለው የዋለችን ሴት ደግሞ ማታ ሌላ ነገር መጠየቅ ዕዳ መጨመር መስሎት እንደነበር ተናገረ። ሁለታችንም አንዳችን ለሌላው አዝነን በአንድ አልጋ ላይ ሦስት ዓመት ተለያይተን ተኝተናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን አልጋውን የሚመለከት አልነበረም። አስታማሚነቱን ከሚስትነት ማራቅ ነበር። ባለቤቴ ካቴተሩን ራሱ ማስገባት ተማረ፤ እጆቹ ደህና ስለሆኑ ከመጀመሪያውም ይችል ነበር፣ ግን እኔ ስለማደርግለት ማንም አላስተማረውም። የጠዋቱን እጥበትና የሆድ ዕቃውን ነገር አብሮን የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ተረከበ። ጓንቱ፣ ፋሻው፣ ከረጢቱ፣ ፖፖው ሁሉ ከመኝታ ክፍላችን ወጥቶ ጓሮ በር አጠገብ ባለች መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ በሌለበት ቀን እኔ ስሠራ አንዲት የተለየች ሽርጥ እታጠቃለሁ፤ ስጨርስ አውልቄ እሰቅላታለሁ፣ እጄንም እታጠባለሁ፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ቀን ስለ ሽንትና ስለ ቁስል አናወራም። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል፤ እኔ ግን ከተሰጠን ምክር ሁሉ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይህ ነው እላለሁ። እርግጥ ሁሉም ቤት ወንድም የለውም። ረዳት መቅጠር የማይቻልበት ቤት ቢያንስ ሰዓቱንና ቦታውን መለየት ይቻላል፤ በእንክብካቤው መጨረሻና በሌላው ጊዜ መካከል ቡና የሚፈላበት ያህል ፋታ ማኖር ይቻላል።

ከዚያ ስለ ሰውነቱ አሠራር ተነገረን፤ ይህን በጊዜው የሚያስረዳን ባለማግኘታችን ዛሬም ይቆጨኛል። የወንድ ብልት የሚቆምበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሲያስብ፣ ሲያይ ወይም ሲሰማ ከአንጎል ተነሥቶ በታችኛው ደረትና በላይኛው ወገብ ባለው የኅብለ ሰረሰር ክፍል በኩል የሚወርደው ነው። ሁለተኛው ብልቱ ሲነካ ከኅብለ ሰረሰር ታችኛው ጫፍ በቀጥታ የሚመልሰው ነው፤ ይኸኛው አንጎልን አይጠይቅም። የባለቤቴ ጉዳት ከሁለቱም ቦታ በላይ ስለሆነ የአንጎሉ መልእክት ተቋርጧል፣ የታችኛው ምላሽ ግን አልጠፋም። ሳጥበው አንዳንድ ጊዜ ብልቱ ሲቆም አይቼ ደንግጬ ፊቴን አዞር ነበር፤ እሱም ሳይፈልገው የሚሆን ነገር ስለሆነ ያፍር ነበር። ለካ ሁለታችንም ያፈርንበት ነገር ጤነኛ የነርቭ ሥራ ኖሯል። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳት ቦታውና መጠኑ ስለሚለያይ የኛ ሁኔታ ለሌላው ላይሠራ ይችላል፤ ስለዚህ "የትኛው አከርካሪ ነው፣ ጉዳቱስ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል?" ብሎ ሐኪምን በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉዳታቸው ስድስተኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰዎች ደግሞ አንድ አደጋ ማወቅ አለባቸው፦ በግንኙነት ጊዜ ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ላብና የፊት መቅላት ከመጣ የደም ግፊታቸው ወደ አደገኛ ደረጃ እየወጣ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ማቆም፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ፊኛ ሞልቶ እንደሆነ ማየት፣ ካልተሻለም በፍጥነት ሕክምና መሄድ ይገባል።

የቤት ሥራችን በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ለእያንዳንዳችን ሃያ ደቂቃ ነበር። ይህን ዓይነት ልምምድ ዊሊያም ማስተርስና ቨርጂኒያ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ ካደረጉት ወዲህ በብዙ አገር የሚሠሩ የወሲብ ሕክምና ባለሙያዎች እየለዋወጡ ይጠቀሙበታል። አንዱ ይነካል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሩካቤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ብልትና ጡትም አይነኩም። ክልከላው መጀመሪያ አስገርሞኝ ነበር፤ ለካ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። "ይሆን ይሆን?" የሚለው ፍርሃት ሲነሣ እጅ ያለ ሥጋት መንቀሳቀስ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ልምምዱ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ የሚሰማውና የማይሰማው ቆዳ የት ላይ እንደሚለያይ አብረን ፈለግን። ከእምብርቱ ከፍ ብሎ፣ ስሜቱ በሚያበቃበት ድንበር ላይ ያለው ቆዳ ከድሮው የበለጠ እንደሚሰማው አገኘን፤ አንገቱና ከጆሮው ሥርም እንደዚሁ። አማካሪያችን ይህ ብዙ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የሚናገሩት ነገር እንደሆነ ነገሩን።

በአንደኛው ምሽት የተማርነውን ነገር ለይቼ መጥቀስ እወዳለሁ። ከተጋባን ጀምሮ መብራት አጥፍተን ነበር የምንተኛው፤ ያደግንበትም እንዲሁ ነው። ባለቤቴ ግን "ጨለማ ውስጥ ከእምብርቴ በታች ስትነኪኝ ለኔ የለሽም" አለኝ። ቆዳው የማይነግረውን ዓይኑ ይነግረዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራቱን አናጠፋም፤ ኤሌክትሪክ በሚጠፋበት ምሽትም ሻማ እናበራለን። እኔም እጄ የት እንዳለ በቃል እነግረዋለሁ። በአሥራ ምናምን ዓመት ትዳራችን ውስጥ ገላችንን በብርሃን ተያይተን፣ የሚያስደስተንን በስሙ ጠርተን አናውቅም ነበር፤ ይህን መተያየት ያመጣልን ጉዳቱ ነው።

ነገሩ ግን ቀጥ ብሎ አልሄደም። በሁለተኛው ወር አንድ ምሽት ሽንት አመለጠው። ምንም አልተናገርኩም፣ አንሶላውን ቀየርኩ፤ እሱ ግን ለሦስት ሳምንት ልምምዱን እምቢ አለ። አማካሪያችን አልገፋፉትም። "ዝግጁ ስትሆን እንቀጥላለን፤ እስከዚያው ግን ስለ ፎጣ እንነጋገር" አሉትና በተግባር አስረዱን። ልምምዱ ከመጀመሩ ሁለት ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ፈሳሽ መቀነስ፣ ልክ ከመጀመሩ በፊት ፊኛን በካቴተር ባዶ ማድረግ፣ ከሥር ፕላስቲክ አንጥፎ በላዩ ወፍራም ፎጣ መደረብ፣ ሌላ ፎጣም ከራስጌ ማስቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን አስቀድሞ መነጋገር፦ ቢያመልጥ ምን እንላለን? እኛ "እንጠርገው" ብለን ለመቀጠል ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አምልጦታል፤ ጠርገን ቀጥለናል። ቋሚ ካቴተር ላላቸውም ቢሆን ቱቦውን ወደ ኋላ አጥፎ በኮንዶም መሸፈን እንደሚቻል ነግረውናል። ኮንዶም የሚጠቀም ሰው ቫዝሊንና ዘይት ስለሚያበላሹት ውኃ ነክ ማለስለሻ መጠቀም አለበት። ከጨረሱ በኋላም ስሜት የሌለውን ቆዳ በመብራት ማየት ያስፈልጋል፤ ትንሽ መፋተግ ሳይታወቅ ቁስል ይሆናል።

ሌላው ስሕተት የመድኃኒቱ ነው። ባለቤቴ ከአንድ ጓደኛው ሰምቶ ሲልደናፊል የሚባለውን ብልት እንዲቆም የሚረዳ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስገዝቶ ወሰደ። ከወንበሩ ወደ አልጋ ሲሸጋገር ዓይኑ ጨለመበት፣ ደግፌው ባልደርስ ወድቆ ነበር። ኋላ ሐኪም ግፊቱን ለክቶ፣ የሚወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶች አይቶ ነው በትንሽ መጠን ያዘዘለት፤ አሁን አንዳንዴ ይጠቀምበታል። ለደረት ሕመም የሚሰጡ ናይትሬት የሚባሉ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሲልደናፊልን ፈጽሞ መውሰድ የለበትም፣ ግፊቱ ሕይወቱን እስኪያሳጣው ድረስ ሊወርድ ይችላል። ብልቱ ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ ከቆየም፣ የማይሰማውና የማያመው ቢሆን እንኳ፣ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልበል። እንደ እኔ ያለችን ሚስት ሰው የሚጠይቃት ስለ ትዕግሥቷ ነው። አማካሪያችን ግን "አንቺን የሚያስደስትሽ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም። መፈለጌን እንደ ጭካኔ ቆጥሬው ነበር፣ የታመመ ሰው አጠገቤ ተኝቶ እኔ ስለ ራሴ ደስታ ማሰቤ። እሳቸው የኔ ደስታ ለባለቤቴ ሸክም ሳይሆን የሚናፍቀው ነገር መሆኑን ራሱ እንዲነግረኝ አደረጉ። "አንቺን ማስደሰት መቻሌን ነው ከሁሉ በላይ የተነጠቅኩት የመሰለኝ" አለኝ። እጆቹና አንደበቱ አልተጎዱም። ሩካቤ ማለት አንድ ድርጊት ብቻ ነው ብለን ስላመንን ነበር ሁሉም ነገር ያበቃ የመሰለን፤ ዛሬ አንዳንድ ቀን እሱ ይሆናል፣ አንዳንድ ቀን አይሆንም፣ በሁለቱም ቀን ግን ባልና ሚስት ሆነን እናድራለን።

በፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ከተዋወቅናቸው ሰዎች ጋር ስናወራ፣ ጉዳቱ ሴቷ ላይ ሲሆን ነገሩ እንደሚብስ ተረድቻለሁ። ወንዱን ቢያንስ ጓደኞቹ በስውር ይጠይቁታል፤ ሴቷ ፍላጎት እንዳላት የሚያስብ የለም። አንዲት በልጅነቷ በፖሊዮ እግሯ የሰለለ እኅት ለእርግዝና ክትትል ሄዳ "አንቺን ደግሞ ማን ደፈረሽ?" ተብላ ተጠይቃለች፤ ባሏ አጠገቧ ቆሞ ነበር። ኅብለ ሰረሰሯ የተጎዳ ሴት የወር አበባዋ ለጥቂት ወራት ሊቋረጥ ይችላል፣ ሲመለስ ግን እንደማንኛዋም ሴት ታረግዛለች፤ ልጅ የማትፈልግ ከሆነ መከላከያ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የእርግዝና መከላከያ እንክብል ደም የመርጋት ሥጋትን ስለሚጨምር ብዙ ለምትቀመጥ ሴት ያለ ሐኪም ምክር አይጀመርም። መስማት የተሳናቸው ባልና ሚስት ደግሞ ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ስለ መኝታቸው እንዲናገሩ መደረግ የለባቸውም፤ ይህ ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 23 ትዳርና ቤተሰብ የመመሥረትን መብት፣ አንቀጽ 25 ደግሞ የወሲብና የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ከሌላው ሰው እኩል ማግኘትን ይደነግጋሉ። ወደ ምክር ክፍል ስንገባ ውለታ የምንለምን ሆነን መግባት እንደሌለብን ያወቅኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው።

አማካሪ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ በስልክ አስቀድሞ ይጠይቅ ዘንድ እመክራለሁ፤ ክፍሉ ምድር ቤት ነው ወይ፣ ከዚህ በፊት የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው ስለ ወሲብ አማክረው ያውቃሉ ወይ፣ የምንናገረው በማን ዘንድ ይቀመጣል? "አላውቅም፣ ግን አብረን እንማራለን" የሚል ባለሙያ ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ደግሞ አንድ ነገር መታዘብ ይበቃል፦ ጥያቄውን የሚያቀርበው ለማን ነው? ወንበር ላይ ያለውን አልፎ ከኋላ ወንበሩን የሚገፋውን ሰው የሚያነጋግር ከሆነ፣ ያን ዕለቱን ተነሥቶ መውጣት ነው።

አሁን ስለ ሁለተኛ ልጅ እየተነጋገርን ነው። ባለቤቴ በሩካቤ ጊዜ ዘሩ አይወጣም፤ ኅብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ በብዙዎቹ ወንዶች ላይ እንዲህ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ እንዳለ፣ ጉዳታቸው አሥረኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች የተሻለ እንደሚሠራ፣ ካልሆነም ዘርን ከፍሬው በመርፌ መውሰድ እንደሚቻል ተነግሮናል፤ ለምርመራው አዲስ አበባ እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን የምንወስነው ሌላ ነገር አለ። ታናሽ ወንድሙ በመጪው ጥር ያገባል፤ ቤት ይዞም ይወጣል። የጠዋቱን ሥራ ማን ይረከባል የሚለውን ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አነሣነው። እኔ ለጊዜው እንደ ድሮው እይዘዋለሁ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ባለቤቴ አቋረጠኝ። ከጡረታው ላይ ቀንሶ በሰዓት የሚከፈለው ረዳት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ ሰፈራችን ውስጥ ያለ አንድ ወጣትም ጠይቆ ጨርሷል።